«ከመሬት በታች ከገባማ አለቀ» እና ሌሎች የካርቦን ወሬዎች

ጅማ ውስጥ የመሬትና የአካባቢ ጉዳይ የያዘ ጠበቃ የፋብሪካን ካርቦን ከመሬት በታች ስለማከማቸትና ስለ ደን ካርቦን ሳይጠየቅ አንድ ስኒ ቡና አይጨርስም። ጠያቂው ደግሞ መልሱን ራሱ ይዞት ይመጣል። እኔን የሚያደክመኝ መልሱ ነው።

«ጋዙን በጉድጓድ ይቀብሩታል።» የእህል ጉድጓድ አይደለም። ከፋብሪካ ጭስ የተለየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታምቆ፣ ብዙውን ጊዜ ከ800 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ወዳለ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ዐለት ይገፋል። ከላይ የማያሳልፍ ድንጋይ ይከድነዋል።

«ነገ ጅማ ይጀመራል።» ማን ጀመረው? ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፤ ጭሱ የሚያዝለት የከሰል ጣቢያ የለንም። ወደ እኛ የሚመጣ ከሆነ በሲሚንቶ በኩል ነው፤ ምክንያቱም ከሲሚንቶ ፋብሪካ ከሚወጣው ካርቦን ከግማሽ በላዩ የሚመነጨው ከሚቃጠለው ነዳጅ ሳይሆን ከኖራ ድንጋዩ ከራሱ ነው።

«በመሬቴ ሥር ካስገቡ ኪራይ ይከፍሉኛል።» አይከፍሉም። በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት የዐለቱ ክፍተት የመሬቱ ባለቤት ነው ተብሎ በሕግ ተደንግጓል። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን መሬትንም የተፈጥሮ ሀብትንም የመንግሥትና የሕዝብ አድርጓል። ቡናችሁ ከተነቀለ ካሳ ጠይቁ፤ ስለ ዐለቱ አትድከሙ።

«እንደ ካሜሩኑ ሐይቅ አንድ ሌሊት ይጨርሰናል።» እ.ኤ.አ. በ1986 በኒዮስ ሐይቅ ዳር 1,700 ያህል ሰው የገደለው ጋዝ ከእሳተ ገሞራ መጥቶ በሐይቁ ወለል የተጠራቀመ ነበር፤ ሰው ያከማቸው አይደለም። መፍራት ካለባችሁ ቧንቧውን ፍሩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በሚሲሲፒ ግዛት ሳታርሺያ በምትባል መንደር አጠገብ ዝናብ ያራሰው መሬት ተንሸራቶ የካርቦን ቧንቧ በጠሰ። 200 ያህል ሰው ቤቱን ለቆ ወጣ፣ 45 ያህሉ ሆስፒታል ገባ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ረባዳው ላይ ተኛ፤ የመኪና ሞተር እንኳ ኦክስጅን አጥቶ ቆመ። የጅማን ክረምትና ተዳፋት ለሚያውቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የሚቀርብ ሰነድ ላይ መጀመሪያ የማነበው ቧንቧው የት የት እንደሚያልፍ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ከመሬት በታች ከገባ በኋላማ አለቀ፣ የማንም ጉዳይ አይደለም።» ይህንን ከተማሩ ሰዎች፣ ይባስ ብሎ ከሕግ ባለሙያዎች ሰምቻለሁ። ከገባ በኋላ ነው የሚጀምረው! ኖርዌይ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስላይፕነር በተባለው የሰሜን ባሕር የጋዝ መስክ ከባሕር ወለል ሥር፣ ለብዙ ዓመታት በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ካርቦን አስገብታ እስከ ዛሬ ትከታተለዋለች። አልጄሪያ ኢን ሳላህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ደግሞ ከላይ ያለው መሬት ከፍ ማለቱ በሳተላይት ታይቶ፣ የክዳኑ ድንጋይ ጥንካሬ አጠራጥሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ማስገባቱ ቆመ። ጋዝ አፈትልኮ ወጣ አልተባለም። ግን የሚያይ ባይኖር ማን ያውቅ ነበር?

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ኩባንያው ቦታውን ከዘጋ በኋላም ኃላፊነቱ በመደበኛው ቢያንስ 20 ዓመት አብሮት ይቆያል። ወደ መንግሥት ሲተላለፍም ቢያንስ የ30 ዓመት የክትትል ወጪ አስቀድሞ ይከፍላል። እኛ ለዚህ ተብሎ የወጣ አዋጅ የለንም፤ ያለን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2069 አደገኛ ሥራ የሚሠራ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ለጉዳቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ ግሩም አንቀጽ ነው። በአንቀጽ 2143 ይርጋው፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ፣ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። እሺ፣ ጋዙ ከ60 ዓመት በኋላ ወጣ እንበል፤ ማንን ትከሳላችሁ? ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሒሳቡን አጣርቶ ከፈረሰ ቆይቷል። አስቀድሞ የተያዘ የገንዘብ ዋስትና ከሌለ አንቀጽ 2069 ተከሳሽ የሌለው ክስ ነው።

«የጫካችን ካርቦንም ያው ነው» ለሚሉኝ፦ አይደለም፣ እዚሁ ጅማ ዞን በበለጠ ገራ ደን ያለው ካርቦን ዛፍ ውስጥ ነው፤ ዛፉ ከተቃጠለ በአንድ ቀን ወደ አየር ይመለሳል። የኃላፊነቱ ጥያቄ ግን በእርግጥ ያው ነው። ከጎማ ወረዳ የመጡ አንድ አባት የ40 ዓመት የደን ካርቦን ውል፣ ማለትም ዛፉ የያዘው ካርቦን ለገዢ የሚሸጥበት ውል፣ አሳይተውኛል፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ። ደኑ ቢቃጠል የተከፈለውን የሚመልሱት እሳቸው ናቸው ይላል። እሳቸው የገባቸው «ዛፍ አትቁረጥ፣ ገንዘብ ውሰድ» የሚለው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ በምታነቡት ቋንቋ ይጻፍ። ስንት ዓመት እንደሚያስር፣ እሳትና ድርቅ ቢመጣ ማን እንደሚከፍል፣ ገዢው ለሌላ ቢሸጠው የእናንተ ድርሻ ምን እንደሚሆን፣ ክርክር ቢነሳ የየት አገር ፍርድ ቤት እንደሚያየው ፈልጉ። ለንደን ከሆነ አትፈርሙ። ደኑ የማኅበር ከሆነ ሊቀመንበሩ ብቻውን አይፈርምም፤ የጠቅላላ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይያያዝ። ቅጂውን ያኔውኑ ውሰዱ።

አባትየው የፈረሙት በጣት አሻራ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 ማንበብ የማይችል ሰው ያኖረው አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። የእሳቸው የተረጋገጠው በማንም ፊት አልነበረም፤ መቃወሚያዬን የጀመርኩትም ከዚያው ነው።