የስጋት ተንታኝነት ምንድን ነው? በባንክ ውስጥስ የት ያደርሳል?

የስጋት ተንታኝ ማለት፣ እዚህ በምናነሳው የግለሰብ ብድር ዘርፍ፣ ባንክ ለግለሰቦች የሚሰጠው የደመወዝ፣ የቤት ወይም የመኪና ብድር ሳይመለስ ቢቀር የሚደርሰውን ኪሳራ አስቀድሞ የሚገምት ባለሙያ ነው። ብድር አጽዳቂው አንድን ተበዳሪ ሲመዝን፣ ተንታኙ የሚመዝነው ተበዳሪዎችን በጅምላ ነው። ባንኩ ለ1,000 ሠራተኞች ለእያንዳንዳቸው 50,000 ብር አበደረ እንበል። ከመቶው አራቱ መክፈል ያቆማሉ፣ ካቆሙትም ዕዳ 60 በመቶው አይሰበሰብም ተብሎ ከተገመተ፣ የሚጠበቀው ኪሳራ 1.2 ሚሊዮን ብር ነው። ስሌቱን ለመማር ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ዓመታት የሚፈጀው አራቱ ለምን አራት እንደሆኑ ማወቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመረጃ ማጥራትና በወርኃዊ ሪፖርት ያልፋሉ። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ብድር ከጤናማ እስከ ኪሳራ በአምስት ደረጃ የሚመደብ ሲሆን፣ ክፍያው ከተቋረጠ 90 ቀን የሞላው ከተበላሹት ብድሮች ይቆጠራል። ጀማሪው ይህን ምደባ በኮምፒውተሩ ብቻ ከሚሠራ፣ ብድር አስመላሾች ዘንድ ቢያንስ ጥቂት ወራት ቢቀመጥ እጅግ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። አንድን የተበላሸ የደመወዝ ብድር ፋይል ከፍቶ ወር በወር ሲከታተል፣ ተበዳሪው ክፍያ ከማቋረጡ በፊት ደመወዙ ወደ ሒሳቡ መግባት ማቆሙን ያያል። መሥሪያ ቤት ለቋል ማለት ነው፤ ምልክቱ አስቀድሞ ነበረ፣ ያነበበው ግን አልነበረም። እንዲህ ዓይነቱን ምልክት ለይቶ ወደ ብድር ፖሊሲ የሚያስገባ ሰው ከሪፖርት አዘጋጅነት ይወጣል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይከፈላል። ሒሳብና ስታቲስቲክስ የሚቀናው ወደ ሞዴል፣ ማለትም ኪሳራን ወደሚገምት የሒሳብ ቀመር፣ ሥራ ይሄዳል፤ በተለይ እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 9 ባንኮች ኪሳራው እስኪደርስ ሳይጠብቁ የሚጠበቀውን እንዲመዘግቡ በማስገደዱ፣ ሞዴል የሚሠራውም፣ የሌላውን ሞዴል የሚፈትሸውም ባለሙያ ተፈላጊ ሆኗል። ለማን፣ ስንት፣ በምን ዋስትና ብድር ይሰጥ የሚለውን መወሰን የሚወድ ደግሞ ወደ ፖሊሲና ወደ ብድር ክምችት አስተዳደር ያመራል። ወደ ውስጥ ኦዲት፣ ወደ ማጭበርበር መከላከል ወይም ወደ ብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር የሚሻገሩም አሉ። እንደ ቴሌብር መላ ያለ፣ ያለ መያዣ በስልክ የሚሰጥ አነስተኛ ብድርም ሌላ በር ከፍቷል፤ የሚገመት ቤት ስለሌለ ፍርዱ በአብዛኛው በተበዳሪው የገንዘብ እንቅስቃሴ ላይ ያርፋልና።

የመንገዱ ጫፍ ዋና የስጋት ኃላፊነት ነው። ወደዚያ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ የብድር ዓይነት የሠራ፣ ቢያንስ አንድ ክፉ ጊዜ በሥራው ላይ ሆኖ ያለፈና ቁጥሩን ለቦርድ አባላት በተራ ቋንቋ ማስረዳት የሚችል ሰው ነው። የባንክ ተቆጣጣሪዎች ዓለም አቀፍ ስብስብ የሆነው የባዝል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የባንክ አስተዳደር መርሕ ይህ ኃላፊ ገቢ ከሚያስገቡ የሥራ ክፍሎች ነጻ እንዲሆንና ከቦርዱ ጋር፣ የሥራ አመራሩ በሌለበት ጭምር፣ መገናኘት እንዲችል ይጠይቃል።