የአእምሮ ታካሚ አካል አይመረመርም ያለው ማነው? ነርሲንግ ተማሪዎች ሊጥሏቸው የሚገቡ አመለካከቶች

«እዚህ ክፍል ሥራችን ማነጋገር ነው፤ አካሉን ሌላ ክፍል ያየዋል»

ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። አብዛኞቹን የሚገድላቸው የአካል በሽታ ነው፦ ልብ፣ ሳንባ፣ ስኳር፣ ኢንፌክሽን። ብዙው በጊዜ ቢታይ መከላከል ይቻል ነበር። ታካሚውን በየቀኑ የሚያየው ነርሱ ነው። እሱ ካልለካ ማን ይለካል?

«አመመኝ የሚለው ከአእምሮ ሕመሙ የተነሳ ነው»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ስኪዞፍሬኒያ (ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው «ሆዴ ውስጥ እባብ አለ» ቢል፣ እባቡ ባይኖርም የሆድ ሕመሙ ሊኖር ይችላል። ሆዱን ዳስሱ። መጨረሻ የተጸዳዳው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። በተለይ ለስኪዞፍሬኒያ የሚሰጠውን ክሎዛፒን የሚወስድ ከሆነ የሆድ ድርቀትን አትናቁ፤ አንጀት ዘግቶ ሊገድል ይችላል። አንዳንዱ ታካሚ ደግሞ እያመመውም አይናገርም። ስለዚህ «ካልጠራኝ ደህና ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም።

«በድንገት ከተምታታበት የአእምሮ ሕመሙ አገረሸበት ማለት ነው»

ላይሆን ይችላል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ፣ አንዴ ሻል አንዴ ባስ የሚል መምታታት ብዙ ጊዜ መነሻው አካል ላይ ነው። ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ የደም ስኳር ለኩ። የሳይኮሲስ (ከእውነታ የመራቅ ሕመም) መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳት ይዞት ጡንቻው ከገተረ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ሐኪም ወዲያው ይጠራ።

«የወፈረው ስለማይንቀሳቀስ ነው»

እንደ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ያሉ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ራሳቸው የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ፣ ያወፍራሉ፣ ለስኳር በሽታም ያጋልጣሉ። መድኃኒቱ ሲጀመር ክብደት፣ የወገብ ዙሪያ፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና የደም ቅባት ይመዝገብ። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ክብደቱን በየሳምንቱ መለካት ጥሩ ነው። መነሻው ካልተመዘገበ ለውጡን ማወቅ አይቻልም።

«ሲጋራውን ተዉለት፣ ሌላ ምን ደስታ አለው?»

አዛኝ ይመስላል እንጂ በደል ነው። ብዙዎቹ ማቆም ይፈልጋሉ፤ ከታገዙም ያቆማሉ። ብቻ ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ማጨስ ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ስለሚጨምር አስቀድሞ ለሐኪሙ ይነገር።

«ምርመራ አይፈቅዱም»

ምን እንደምትሠሩና ለምን እንደሆነ ሳትነግሩት እጁን ብትይዙት ማንም አይፈቅድም። አስረዱ፣ አስፈቅዱ፣ መጋረጃውን ዝጉ። እምቢ ካለ እምቢታውን መዝግቡና ቆይታችሁ እንደገና ጠይቁት።