የሕፃናት ጥበቃ አገልግሎትና የጥቃት ምርመራ በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉ፤ እዚህ የምናወሳው መቀመጫውን ደብረ ብርሃን ያደረገውን የአማራ ክልሉን ነው። ከመንዝ ደጋ እስከ ቀወት ቆላ፣ ከምንጃር እስከ ጀማ ሸለቆ ማዶ መርሐቤቴ ይዘልቃል። በዚህ ሁሉ አገር የሕፃናት ጉዳይ በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የተደራጀው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ፖሊሲ ያወጣል፤ በክልል ቢሮ፣ በዞን መምሪያ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት አለ። ድጋፍና ክትትል የእነዚህ ሥራ ነው። ጥቃት ሲደርስ ግን መርማሪው ፖሊስ፣ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ፣ ማስረጃ ሰጪው ጤና ተቋም ነው። ብዙ መዝገብ የሚጠፋው በእነዚህ ቤቶች መካከል ሲመላለስ ነው።

ሕጉ ጎደለ አይባልም። አገሪቱ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 10/1984 አጽድቃለች፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ዘርዝሯል፤ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። ክፍተቱ ያለው በጥቆማው ላይ ነው። የወንጀል ሕጉ ወንጀልን ባለማሳወቅ በጠቅላላው የሚቀጣው ድርጊቱ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው (አንቀጽ 443)። ስለዚህ የአብዛኛው በደል መታወቅ በመምህር፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም በጎረቤት ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜ ነው። ከ13 ዓመት በታች ካለ ሕፃን ጋር ግብረ ሥጋ መፈጸም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ከሆነች አንቀጽ 626 ቅጣቱን ከ3 እስከ 15 ዓመት ያደርገዋል። ከ18 በታች የሆነች ልጅ «ፈቅጃለሁ» ማለቷ ድርጊቱን ከወንጀልነት አያወጣውም። ያለዕድሜ ጋብቻም እንዲሁ ነው፤ በአንቀጽ 648 ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት ያስቀጣል። እንግዲህ አንድ ዓመት የክሱን መልክ ይለውጣል ማለት ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ዛሬ ዐሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ የገቡት ከምዝገባው በፊት ተወልደዋል። ስለዚህ መርማሪው የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብና የክርስትና ማስረጃ ይፈልጋል (ሴት ልጅ በ80፣ ወንድ በ40 ቀኑ ክርስትና ስለሚነሱ ቀኑን ቤተሰብ አይረሳውም፤ ዓመቱ ነው የሚያከራክረው)። ይህ ሁሉ ከሌለ ሆስፒታል የእጅ አንጓ አጥንት በራጅ ያያል፤ ውጤቱ ግምት ነው፣ አንድ ሁለት ዓመት ሊስት ይችላል፤ ጠበቃም የሚይዘው ይህችን ነው። ለምርመራ ታላቅ እኅቷን በታናሺቱ ስም መላክ የታወቀ ዘዴ ስለሆነ ትምህርት ቤት ያለ ፎቶዋን ማስተያየት ይጠቅማል።

ያለዕድሜ ጋብቻ ወቅት አለው። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥር እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንደገና። ድግሱ ክርስትና፣ ማኅበር ወይም ተዝካር ተብሎ ይደገሳል፤ ሙሽራዋ በሌሊት ትሸኛለች። ከጠላው ጥንስስ ይልቅ የተሻለው ምልክት ከክፍል መቅረት ነው፤ በጥር የቀረችን ተማሪ በሳምንቱ የሚጠይቅ ርእሰ መምህር ካለ ጋብቻው ከመፈጸሙ በፊት ይደረስበታል።

በወሲባዊ ጥቃት የሚለካው ሰዓት ነው። ልጁን ሳያጥቡ፣ ልብሱን ሳያጥቡ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ፤ ልብሱ ከተቀየረ በወረቀት መጠቅለል፤ ላስቲክ እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና 28 ቀን መወሰድ አለበት። ከመደፈር የመጣ ጽንስ ሲቋረጥ የተበዳይዋ ቃል ብቻውን በቂ ነው (አንቀጽ 552)፤ የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ከሕጉ ውጭ ነው የሚሠራው። ሌላው ስሕተት ልጁን በቀበሌ፣ በወረዳ፣ በፖሊስ፣ በሆስፒታል ደጋግሞ ማናገር ነው፤ ቃሉ በተደጋገመ ቁጥር ትናንሽ ልዩነት ይገባበትና በችሎት ውሸት ያስመስለዋል። ከዚያ ሽማግሌ ይገባል። ድርጊቱ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ስላልሆነ እርቅ ክሱን አያስቀርም፤ ምስክሩን ግን ያስቀራል። የልጁን ቃል ቀድሞ በአንድ የሠለጠነ መርማሪ፣ ቢቻል በድምፅና ምስል መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የጉልበት ብዝበዛ ብዙም አይመዘገብም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ከልክሏል፤ የቤት ሠራተኛን ግን አይሸፍንም። ከደሴ አዲስ አበባ የሚሄደው አስፋልት ዞኑን ስለሚያቋርጥ ደላላ ልጅ ሲወስድ ተቆጣጣሪው በአብዛኛው የመናኸሪያ ሰው ነው። ድብደባ ደግሞ ከዚህም ባነሰ ይመዘገባል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ሕፃንን ማንገላታትን ቢቀጣም በሕግ የተፈቀደ ተግሣጽን ነጥሎ ይተዋል፤ ወሰኑ የት እንደሆነ ባለመነገሩ ፖሊስ «የቤት ጉዳይ» ብሎ ይመልሳል።

ቁጥሮቹን ስናነብ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን መለየት ይገባል። አገር አቀፉ የቤት ለቤት ጥናት መቀነስን ያሳያል፦ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች ከ18 ዓመታቸው በፊት ያገቡት በ1997 ዓ.ም. 49 በመቶ፣ በ2003 41፣ በ2008 40 በመቶ ነበሩ፤ የኋለኛው አምስት ዓመት ግን ከቆመ አይሻልም። የፖሊስ መዝገብ ሌላ ነው። ሴት መርማሪ ሲመደብ ወይም ትምህርት ቤቶች ሲነቃቁ ቁጥሩ ያድጋል፤ ይህን «ጥቃት ጨመረ» ብሎ መዘገብ ስሕተት ነው። በተቃራኒው ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ግጭት መንገድ ሲዘጋና ቀበሌ ሳይሠራ ሲቀር ዝቅ ያለው ቁጥር ከሁሉም ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ሕፃናት ደግሞ የወላጅም የቀበሌም መዝገብ ስለሌላቸው በማንም ቁጥር ውስጥ በቀላሉ አይገቡም።

ወላጁ ራሱ በዳይ ሲሆን ልጁ የት ይደር የሚለው በተግባር የሚመለሰው በአያት ወይም በአክስት ነው። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ቀርቷል፤ የቀረው የዘመድ ክብካቤ፣ የአደራ ቤተሰብ፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻና፣ በመጨረሻ፣ ማሳደጊያ ነው። ዘመድ ጋ የተላከ ልጅ በአብዛኛው ክትትል አይደረግለትም፤ የወረዳው ባለሙያ ቢያንስ ትምህርት ቤት መመዝገቡንና ተከሳሹ እዚያ ቤት የማይገባ መሆኑን በአካል ሄዶ ማየት ይኖርበታል።