መንግሥትና ሕክምና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መድኃኒት ቤት ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት የሐኪም ማዘዣቸውን በመስኮቱ አቀበሉ። አራት መድኃኒቶች ታዘውላቸዋል። ፋርማሲስቷ ዋጋውን ደምራ ስትነግራቸው ቦርሳቸውን ከፍተው ገንዘባቸውን ቆጠሩ፤ እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከአራቱ ዋናው የትኛው ነው?» አሉ። ፋርማሲስቷ ሁሉም እንደሚያስፈልጉ አስረዳቻቸው። እርሳቸው ግን የሕመም ማስታገሻውን ብቻ ገዝተው ሄዱ። የደም ግፊቱ መድኃኒት ከነማሸጊያው መስኮቱ ላይ ቀረ።

መንግሥት በሕክምና ጉዳይ ምን ያህል ይግባ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር የእኚያ እናት ጥያቄ ይመጣብኛል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ግብር ከፋዩ ገንዘቡ የት እንደሚውል፣ ታካሚውም ማን እንደሚያክመው የመጠየቅ መብት አለው። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቻችን መሠረት በሌላቸው ነገሮች ላይ ቆመን መከራከራችን ነው። በተደጋጋሚ የምሰማቸውን ስሕተቶች አንድ በአንድ ላንሣ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መንግሥት ከገባበት ሐኪሙ ሁሉ የመንግሥት ተቀጣሪ ይሆናል»

ሌሎቹ ስሕተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ስለሚወለዱ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልቆይ። በሕክምና ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንዱ ገንዘብ መሰብሰብ ነው፤ በግብርም ይሁን በመድን መዋጮ። ሁለተኛው ማከም ነው፤ ሆስፒታል ማስተዳደር፣ ሐኪምና ነርስ ማሠራት። ሦስተኛው ደንብ ማውጣትና መቆጣጠር ነው፤ ማን ሐኪም ተብሎ ይሥራ፣ የትኛው መድኃኒት ይሸጥ፣ የመድን ድርጅት ማንን አልቀበልም ማለት አይችልም የሚለውን መወሰን። አንድ መንግሥት አንዱን ሥራ ይዞ ሌላውን ለሌሎች ሊተው ይችላል፤ አብዛኞቹ መንግሥታትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ብሪታኒያ በ1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷን ስትጀምር ሆስፒታሎቹን ወደ መንግሥት አዛወረች፤ ወጪውንም በአብዛኛው ከግብር መሸፈን ጀመረች። በዚያች አገር እንኳ የቤተሰብ ሐኪሞች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከመንግሥት ጋር በውል የሚሠሩ እንጂ ደመወዝተኞች አልነበሩም። ጀርመን በ1883 በመንግሥቷ መሪ (ቻንስለር) በቢስማርክ ዘመን ለሠራተኞች የሕመም መድንን በሕግ ግዴታ ስታደርግ ሠራተኛው ሁለት ሦስተኛውን፣ አሠሪው አንድ ሦስተኛውን እንዲያዋጣ ደነገገች። ዛሬ ከጀርመናውያን 90 በመቶ ያህሉ በዚያው ሥርዓት ውስጥ ናቸው፤ የሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች ግን የመንግሥትም፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም፣ የግል ባለሀብቶችም ናቸው።

ፍርሃቱ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳየው የካናዳዋ የሳስካችዋን ግዛት ታሪክ ነው። ግዛቲቱ ለነዋሪዎቿ በሙሉ የሐኪም ክፍያ የሚሸፍን የመንግሥት መድን ጁላይ 1 ቀን 1962 ስትጀምር አብዛኞቹ ሐኪሞች ክሊኒካቸውን ዘጉ። የመንግሥት ሠራተኛ ልንሆን ነው፤ ታካሚያችንን እንዴት እንደምናክም የቢሮ ሰው ሊያዘን ነው ብለው ሠግተው ነበር። ግዛቲቱ ከብሪታኒያ ጭምር ሐኪሞች አስመጣች። አድማው 23 ቀን ቆይቶ በስምምነት ተፈታ፦ መድኑ ይቀጥላል፤ ሐኪሞቹም የራሳቸውን ክሊኒክ እንደያዙ ለሠሩት ሥራ ሂሳብ እያቀረቡ ይከፈላቸዋል። በ1966 ይህንኑ በመላ አገሪቱ የሚያስፋፋ የፌዴራል ሕግ ወጣ። ዛሬም አብዛኛው የካናዳ ሐኪም የመንግሥት ተቀጣሪ አይደለም። እነዚያ ሐኪሞች የማከሙን ሥራ ልንነጠቅ ነው ብለው ተነሡ፤ በመጨረሻ የተለወጠው ግን ከፋዩ ብቻ ነበር።

«አሜሪካ የነፃ ገበያ፣ ሲንጋፖር የግል ቁጠባ ማሳያ ናቸው»

በአሜሪካ ለሕክምና ከሚወጣው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ከመንግሥት ካዝና ይወጣል። ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላቸውን የሚሸፍነው ሜዲኬርና አነስተኛ ገቢ ያላቸውን የሚሸፍነው ሜዲኬይድ በ1965 በሕግ የተቋቋሙ ናቸው። ለቀድሞ ወታደሮች መንግሥት ራሱ ሆስፒታል ያስተዳድራል። አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የሚገዙት መድን ከግብር ነፃ ስለሆነ በዚያም በኩል የመንግሥት እጅ አለበት። ከ1986 ጀምሮ ደግሞ የሜዲኬር ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉ የመጣን ሕመምተኛ መክፈል አትችልም ብሎ ሳያይ እንዳይመልስ ሕግ ያስገድደዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ አገሪቱ ከጠቅላላ ምርቷ 17 በመቶ ያህሉን ለሕክምና እያወጣች ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መድን የላቸውም። እኔ እንደሚገባኝ የአሜሪካ ችግር ከመንግሥት ብዛት ወይም ማነስ ይልቅ ብዙ ከፋዮች፣ ብዙ ደንቦችና እጅግ ውድ ዋጋዎች ተደራርበው አንድ ላይ መቆማቸው ነው።

ሲንጋፖር በ1984 ሜዲሴቭ የሚባል የሕክምና ቁጠባ አስጀመረች። ቁጠባው ግን የግዴታ ነው፤ አብዛኛው የሆስፒታል አልጋም የመንግሥት ነው።

«ሕክምና እንደማንኛውም ዕቃ ነው፤ ገዢው አወዳድሮ ይግዛ»

አወዳድሮ መግዛት የሚቻልበት ሕክምና አለ። መነጽር የሚፈልግ ሰው ሦስት ሱቅ ዞሮ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። ራሱን ስቶ በአምቡላንስ የመጣው ግን የቱን ከየቱ ያወዳድራል? ምጥ የያዛትስ?

ኬኔት አሮው የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ በኋላ በ1972 ኖቤል የተሸለመው፣ ጉዳዩን በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ በጥልቀት አይቶታል። ሕመም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሕክምናው ይሠራ አይሠራ እንደሆነም ታካሚው አስቀድሞ ሞክሮ ማየት አይችልም። ሻጩ፣ ማለትም ሐኪሙ፣ ከገዢው እጅግ የበለጠ ያውቃል፤ ገዢው ምን እንደሚያስፈልገው የሚነግረውም ሻጩ ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ገበያ እንደ ጨርቅና እንደ ጫማ ገበያ ራሱን በራሱ ሊያቀና አይችልም።

እዚህ ላይ በሌላው ወገን ያለውን እውነትም መናገር ይገባል። «ነፃ ከሆነ ሰው ያለ አግባብ ይጠቀማል» የሚሉት ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በ1970ዎቹ ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ከ2,000 በላይ ቤተሰቦችን በዕጣ መድቦ ለአንዳንዶቹ ሕክምናን ሙሉ በሙሉ በነፃ ሰጠ፤ ሌሎቹን የተለያየ ድርሻ እንዲከፍሉ አደረገ። የከፈሉት በእርግጥ ያነሰ ታከሙ፤ የአብዛኞቹም ጤና በዚያ ምክንያት ሲጎዳ አልታየም። ነገር ግን ውጤቱ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሳየ። አንደኛ፣ የሚከፍሉት ሰዎች የቀነሱት የማያስፈልገውን ሕክምና ብቻ አልነበረም፤ የሚጠቅመውንም በተመሳሳይ መጠን ቀነሱ። ሁለተኛ፣ ደም ግፊት ያለባቸው ድሆች በነፃ ሲታከሙ ግፊታቸው ከከፋዮቹ በተሻለ ቁጥጥር ሥር ዋለ።

ያኔ ነው የእኚያ እናት ነገር የገባኝ። ራስ ምታት ይሰማል፤ ደም ግፊት ድምፅ የለውም። ገንዘብ የቸገረው ሰው የሚያመውን ያስታግሳል፤ የሚገድለውን ይተወዋል። ሞኝነት አይደለም፤ ዋጋ የቱ መድኃኒት ለሕይወት እንደሚያስፈልግ አይናገርም።

«ጤነኛው በግድ ለምን ይከፍላል? መድን በፈቃድ ይሁን»

ሐሳቡ ለነፃነት ከመቆርቆር የመነጨ ስለሆነ አልንቀውም። ችግሩ በተግባር ሲታይ ነው። መድን በፈቃድ ሲሆን ቀድሞ የሚመዘገበው የታመመ ወይም እንደሚታመም የጠረጠረ ሰው ነው። ወጪው ይጨምራል፤ መዋጮው ይወደዳል። ሲወደድ ከአባላቱ መካከል ጤነኞቹ ይወጣሉ፤ እነርሱ ሲወጡ የቀሩት ላይ ጭነቱ ይብሳል። ድርጅቱ እንዳይከስር የስኳር ሕመምተኛውን አልቀበልም ይላል፤ ወይም የማይቻል ዋጋ ይጠራበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ድሩ እየተመዘዘ ካለቀ ግን ምን ይታሰርበታል?

ስዊዘርላንድ በ1996 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ለዚህ የሰጠችው መልስ በሁለቱም ወገን ያሉትን ሊያነጋግር የሚገባ ይመስለኛል። መድን የሚሸጡት የግል ድርጅቶች ናቸው፤ ነዋሪው ከመካከላቸው ይመርጣል። ነገር ግን መሠረታዊውን መድን መግዛት ለሁሉም ግዴታ ነው። ድርጅቶቹ ማንንም አልቀበልም ማለት፣ ለታመመው ዋጋ መጨመር ወይም ከመሠረታዊው መድን ማትረፍ አይችሉም። ገቢው ለማይበቃው መንግሥት ይደጉመዋል። ኔዘርላንድስም በ2006 ተመሳሳይ መንገድ ያዘች። በሁለቱም አገሮች መንግሥት አክሞ ሳይሆን ሦስተኛውን ሥራ ይዞ፣ ማለትም ደንቡን አጥብቆ፣ ሁሉንም ሰው አንድ ድር ውስጥ አስገብቷል።

«የመንግሥት ሕክምና ነፃ ነው»

ነፃ የለም። አስቀድሞ የተከፈለ አለ። «ነፃ» የሚለውን ቃል ፖለቲከኞች ስለሚወዱት ሕዝቡ ዋጋውን ሳያይ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ በጀት ሲመደብ ክርክሩን ያበላሻል። ብሪታኒያ አገልግሎቱን በጀመረች በሦስተኛው ዓመት፣ በ1951፣ ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ክፍያ ስታስገባ የሥርዓቱ መሥራች አኑሪን ቤቫን ከሚኒስትርነት ለቀቀ። ጥያቄው ሁልጊዜም ያው ነው፦ ስንታመም እንክፈል ወይስ ሳንታመም? እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ሰው ገቢ የሚኖረው በደህናው ቀን ነውና።

«መንግሥት ባለበት ሁሉ ወረፋ አለ»

በእንግሊዝ አለ፤ መሸፋፈን አያስፈልግም። በ2023 ቀጠሮ የሚጠብቁት ሕክምናዎች ከ7 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ዳሌው ተበልቶ አዲስ መገጣጠሚያ ለሚጠብቅ አዛውንት እያንዳንዱ ወር ደረጃ መውጣት ያቃተው፣ ሌሊት በሕመም የነቃ ወር ነው። ነገር ግን በዚያው አገር፣ በዚያው ሥርዓት፣ በ2000ዎቹ ገንዘብ ሲጨመርና ሆስፒታሎች በ18 ሳምንት ውስጥ እንዲያክሙ ሲታዘዙ ወረፋው በእጅጉ አጥሮ ነበር። ሁሉንም ሕዝብ የምትሸፍነው ጀርመንም ለቀጠሮ ቀዶ ሕክምና በረጅም ወረፋ አትታወቅም። ወረፋን የሚወስኑት አልጋው፣ ሐኪሙና የአከፋፈሉ መንገድ ናቸው። መክፈል ስላልቻለ ጭራሽ ያልመጣ ሰው ደግሞ በየትኛውም የወረፋ መዝገብ አይቆጠርም።

«ይህ የሀብታም አገሮች ቅንጦት ነው»

ብሪታኒያ በ1948 ከጦርነት ወጥታ ዕዳ የተጫናት፣ ምግብ በራሽን የምታከፋፍል አገር ነበረች። ጃፓን ሕዝቧን በሙሉ በመድን ያስገባችው በ1961 ነው፤ የዛሬዋ ባለጸጋ ጃፓን ገና አልነበረችም። ደቡብ ኮሪያ በ1977 ከትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኞች ጀምራ በ12 ዓመት ውስጥ ሁሉንም አዳረሰች። ታይላንድ በ2002 ማንኛውም ያልተሸፈነ ዜጋ በአንድ ጉብኝት 30 ባት ብቻ ከፍሎ እንዲታከም አደረገች፤ ቀሪው ከግብር ይሸፈናል። የታይላንድ ነገር ሲነሣ የሚዘነጋው ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት የወረዳ ሆስፒታሎችን ስትሠራና አዲስ ተመራቂ ሐኪሞችን ወደ ገጠር ስትልክ መቆየቷ ነው።

«ሕጉ ከወጣ ችግሩ አለቀ»

የመንግሥትን ሚና የምንደግፍ ሰዎች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዌልስ የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ይሠራ የነበረው ሐኪም ጁሊያን ቱዶር ሃርት በ1971 ጥሩ ሕክምና ይበልጥ በሚያስፈልገው ሕዝብ ዘንድ ይበልጥ እንደሚታጣ ጽፏል። ይህን ያየው ሁሉም በነፃ ይታከማል በሚባልበት አገር ነው። ሐኪሙ ጥሩ ትምህርት ቤትና ጥሩ መንገድ ወዳለበት ይሄዳል፤ የተማረው ታካሚም መብቱን አውቆ ይጠይቃል።

ኡጋንዳ በ2001 በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚከፈለውን ክፍያ አነሣች። ቀድሞ ደጁን ያልረገጡ ብዙ ድሆች መጡ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ታካሚው ሲበዛ የመድኃኒቱ አቅርቦት አብሮ አላደገም። ሐኪሙ በነፃ ያያል፣ በነፃ ይመረምራል፣ ማዘዣ ይጽፋል። መደርደሪያው ባዶ ነው። ታካሚዋ ማዘዣዋን ይዛ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ትሄዳለች፤ መስኮቱ ፊት ቆማ ቦርሳዋን ትከፍታለች።