የቲክ መጠይቅ ነጥብ ምርመራ አይደለም

«መጠይቁን ሞላሁ፣ ነጥቡ ከፍ አለ። ልጄ ቱሬት (ቲክ ለረጅም ጊዜ የሚቆይበት ሕመም) አለበት ማለት ነው?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ መጥቷል። አይደለም።

ቲክ ልጁ ሳያስበው ድንገት የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው፤ ዓይን ማርገብገብ፣ ጉሮሮ መጥረግ የመሰለ። ወላጅ የሚሞላው መጠይቅ ብዙውን ጊዜ ያለፈውን አንድ ሳምንት ብቻ ይጠይቃል፦ የትኛው ታየ? ስንት ጊዜ? ምን ያህል በረታ? የሚለካው ክብደቱን ነው። የነጥብ አሰጣጡ ከመጠይቅ መጠይቅ ይለያያል። ቱሬት ለመባል ግን ከአንድ በላይ የእንቅስቃሴ ቲክና ቢያንስ አንድ የድምፅ ቲክ ከ18 ዓመት በፊት ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ መቆየት አለበት። ይህን የሚወስነው ሐኪም ነው።

አንድ የ8 ዓመት ልጅ እንውሰድ። ትምህርት ቤት ቲኩን አፍኖ ይውላል፤ ቤት ሲገባ ይለቀዋል። እናቱ ከፍተኛ ነጥብ ትሰጣለች፤ መምህሩ «ምንም አላየሁም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቲክ ደግሞ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ መድኃኒትም ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ በአንድ ሳምንት ነጥብ አትደንግጡ።

ወላጅ ከውጭ የማያየው ነገርም አለ፦ ብዙ ልጆች ቲኩ ከመምጣቱ በፊት የሚሰማቸው ውስጣዊ ግፊት። እሱን ልጁን ራሱን ጠይቁት፤ ሳትቆጡ፣ በእርጋታ።