ጁዲ ዴንች፦ በስልሳ ዓመቷ ወደ ቦንድ የመጣች የመድረክ ሰው

ብዙዎቻችን ጁዲ ዴንችን ያወቅናት በጄምስ ቦንድ ፊልሞች ነው። ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ያንን ሁሉ ጀግና እንደ ጎረምሳ ልጅ የምትቆጣ አለቃ፤ «ኤም»። ይህን ቦታ የያዘችው በ1995 በ«ጎልደን አይ» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ስልሳ ዓመት ሞልቷታል። እንግሊዞች ግን ከዚያ በፊት አርባ ዓመት ገደማ በመድረክ ሲያዩዋት ኖረዋል። በዕድሜ አንቱ መባል ነበረባት፤ አርቲስትን በ«እሷ» መጥራት ለምዶብን ነው።

የተወለደችው በ1934 በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክ ከተማ ነው። አባቷ ሐኪም ነበሩ፤ የከተማውን ቴአትር ቤት ተዋንያንም ያክሙ ነበር። መጀመሪያ የፈለገችው የመድረክ ዲዛይን ነው። ኋላ ሐሳቧን ቀይራ ለንደን ድራማ ተማረች። በ1957 ዝነኛው ኦልድ ቪክ ቴአትር ገባች። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ጦር ይዞ ከኋላ ነው የሚቆመው። እሷ ግን በአንድ ጊዜ የ«ሐምሌት»ን ኦፊሊያ ሆነች።

በ1960 ደግሞ ጁልየትን ተጫወተች። ከዚያ ጊዜ የቀረች አንድ ጨዋታ አለች። ጁልየት ሞግዚቷን አባትና እናቴ የት አሉ ብላ ትጠይቃለች። ወላጆቿ ለካ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል። አባትየው ትያትር መሆኑን ረስተው፣ እዚህ ነን፣ ረድፍ ኤች ላይ ብለው መለሱላት ይባላል።

ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ ጉንፋን የያዛት ይመስላል። እንዲያም ሆኖ በ1968 «ካባሬ» በተባለው ሙዚቃዊ ትያትር ሳሊ ቦውልስን ሆና ዘፈነች። በ1981 በ«ካትስ» ልትዘፍን ስትለማመድ የተረከዝ ጅማቷ ተበጠሰና ቦታው ለሌላ ተሰጠ።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ የ1976ቱ «ማክቤዝ» ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለመለሰው ታሪኩ ለኛም እንግዳ አይደለም። ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ስትራትፎርድ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት የምታክል ትንሽ አዳራሽ ነበረችው። ትያትሩ የቀረበው እዚያ ነው፤ አዘጋጁ ትሬቨር ነን፣ ማክቤዝ ኢያን ማኬለን። ወለሉ ላይ አንድ ክብ ተሰመረ፤ ተዋንያኑ ተራቸው እስኪደርስ ዙሪያውን ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ። ጌጥ የለም፣ መጋረጃ የለም። ዴንች የማክቤዝን ሚስት ሆና፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራለች። በእንቅልፍ ልቧ ተነስታ እጇን በምትታጠብበት ትዕይንት ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ ታወጣለች። ጩኸት አይሉት፣ ለቅሶ አይሉት። ይረዝማል፣ ይረዝማል። ለቴሌቪዥን ተቀርጿልና አሁንም ማየት ይቻላል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ታስቅ ነበር። ከባሏ ከማይክል ዊልያምስ ጋር «ኤ ፋይን ሮማንስ» በተባለ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ከ1981 እስከ 1984 ሠርታለች። በ1987 ተመልሳ ከአንቶኒ ሆፕኪንስ ጋር ክሊዮፓትራ ሆነች። ቁመቷ አጭር፣ ዕድሜዋ ሃምሳውን ያለፈ፤ ለዚያች ንግሥት የምትታጭ አትመስልም ነበር። በራሷ ላይ ትቀልድ የነበረችውም ስለዚሁ ነው።

ፊልም የዘገየባት ያለ ምክንያት አይደለም። ገና በወጣትነቷ አንድ የፊልም ሰው ፊትሽ ለካሜራ አይሆንም ብሏት ነበር። በ1997 ግን ንግሥት ቪክቶሪያን ሆና በተጫወተችበት «ሚስስ ብራውን» ለኦስካር ታጨች። በቀጣዩ ዓመት «ሼክስፒር ኢን ላቭ» ላይ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን ሆነች። የታየችው ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ኦስካሩን ወሰደች። ብዙ ሰው በዚህ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። እነዚያን ደቂቃዎች ያየ ግን ስትገባ ክፍሉ እንዴት ጭጭ እንደሚል ያውቃል። በ1999 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ቶኒ የተባለው የትያትር ሽልማት ተጨመረላት።

የኋላ ኋላ ዓይኗ ደከመ። ማዕከላዊውን እይታ የሚያጠፋ የሬቲና ሕመም እንዳለባት በ2012 ተናገረች። ጽሑፍ ማንበብ ሲያቅታት ወዳጆቿ ድርሰቱን እያነበቡላት በጆሮዋ ታጠናው ጀመር። በ2022 በ«ቤልፋስት» ፊልም ለስምንተኛ ጊዜ ለኦስካር ስትታጭ 87 ዓመቷ ነበር።