የኮርኒስ ላይ አንቴና ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ላደገ ሰው አንቴና ሲባል ትዝ የሚለው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዘንጉን ያዞራል፤ ሌላው በመስኮት ብቅ ብሎ «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ!» እያለ ይጮኻል። ያ የዓሣ አጥንት የሚመስል አንቴና ያጊ ይባላል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሺንታሮ ኡዳ እና ሂዴትሱጉ ያጊ የተባሉ ጃፓናውያን ያስገኙት ነው፤ ስሙ ግን ለአንደኛው ብቻ ቀረ።

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ቤት የገዛ ወገናችን ይህንኑ አንቴና ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው በታች ባለው ባዶ ቦታ ሊተክለው ይችላል። አሜሪካኖቹ ቦታውን «አቲክ» ይሉታል። የሚገኘው ጥቅም ወርኃዊ ክፍያ የሌለበት የአካባቢው ቴሌቪዥን ነው፤ ዜናው፣ ኳሱ፣ የአየር ትንበያው። የአዲስ አበባ ጣቢያዎችን ግን አይጠብቁበት፤ እነርሱ የሚመጡት በሳተላይት ወይም በኢንተርኔት ነው።

ውጭ መስቀሉ እያለ ለምን ወደ ውስጥ? ነፋስና በረዶ አያገኘውም፣ የቤቱንም መልክ አያበላሽም። አንዳንዱ ውጭ ብሰቅለው የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ይከለክለኛል ብሎ ይፈራል፤ ይህ ፍርሃት በአብዛኛው ከንቱ ነው። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው በራሱ ይዞታ የቴሌቪዥን አንቴና እንዳይተክል ማኅበራት እንዳይከለክሉ ደንግጓል።

ነገሩ የሚሠራው የአሜሪካ ቤት ጣሪያ በአብዛኛው ከኮምፔርሳቶና ሬንጅ ከጠጣ ልባስ የተሠራ ስለሆነ ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ እነዚህን ያልፋል፤ ሲያልፍ ግን ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጥሎ ነው። ብረትን ግን አያልፍም። የእኛን ቆርቆሮ ቤት ያሰበ ሰው አባቶቻችን ለምን ጣሪያ ላይ ይወጡ እንደነበር ይገባዋል። አሜሪካም ቢሆን ጣሪያው ብረት ከሆነ፣ ሙቀት ለመከላከል ከሥሩ የአሉሚኒየም ፎይል ከተለጠፈበት፣ ወይም በማሰራጫው አቅጣጫ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ከተደረደረበት ድካሙ ለከንቱ ነው።

ታዲያ ግማሹን አጥቶ እንዴት ጥሩ ሥዕል ይገኛል? ከሰኔ 12 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ ትልልቆቹ ጣቢያዎች የሚያሰራጩት በዲጂታል ብቻ ነው። በድሮው ስርጭት ሞገዱ በደከመ ቁጥር ሥዕሉ ጉም እየለበሰ ይሄድ ነበር። ዲጂታል ግን ወይ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ወይ ተቆራርጦ ይጠፋል። ማሰራጫው አጠገብ ያለ ሰው ከሚበቃው በላይ ስለሚደርሰው ጣሪያው ግማሹን ቢወስድበት ዓይኑ ልዩነት አያይም። ሩቅ ያለው ግን አፋፍ ላይ ነው የቆመው፤ እርጥብ ጣሪያ ብቻ ሊጥለው ይችላል።

ዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሌላ ነገር ነው። የከተማዋ ትልልቅ ማሰራጫዎች በሰሜን ምዕራቡ ክፍል ተቀራርበው ቆመዋል፤ ስለዚህ አቅጣጫው አንድ ነው፣ የሞገዱ ርዝመት ግን አንድ አይደለም። ቻናል 4 እና 5 ተብለው በቴሌቪዥኑ የሚታዩት በእውነቱ የሚመጡት ከ470 ሜጋኸርዝ በላይ ባለው በአጭሩ ሞገድ ነው። ቻናል 7 እና 9 ግን በድሮ ቦታቸው በረጅሙ ቀርተዋል። አንቴና በደንብ የሚይዘው ርዝመቱ የሞገዱን ግማሽ ሲያህል ነው፤ ይህም ለአጭሩ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ለቻናል 7 ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። እንደ ወረቀት የሳሳውን አንቴና ገዝቶ «ሁሉም መጣ፣ 7 እና 9 ብቻ እምቢ አሉ» የሚል ሰው ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ረጃጅም ዘንጎች ያሉትን ይግዛ፤ ከኮርኒስ በላይ እንደሆነ ቦታ አይጠፋም። ካርቶኑ ላይ «ለኤችዲ» ወይም «ለ4ኬ» የሚለውን ጽሑፍ ይለፉት። አንቴና ስለ ሥዕል ጥራት የሚያውቀው ነገር የለም፤ የ1970ዎቹ ያጊም ዛሬ ይሠራል።

ማጉያ የሚባለውም መሣሪያ መድኃኒት ተደርጎ ይሸጣል። ረጅም ገመድና ማከፋፈያ የሚበሉትን ይተካል እንጂ ጣሪያው ያስቀረውን አይመልስም፤ ከማሰራጫው አጠገብ ሆኖ የተጠቀመበት ሰውማ ሪሲቨሩን በኃይል አጨናንቆ የነበሩትንም ጣቢያዎች ሊያጣ ይችላል።

ሚስማር ከመምታትዎ በፊት ይሞክሩ። የኮሚሽኑ ድረ ገጽ አድራሻዎን ሲጽፉለት የትኛው ጣቢያ በየት በኩል እንዳለ ያሳያል። አንቴናውን ወደዚያ አዙረው ቴሌቪዥኑ ቻናል እንዲፈልግ ያድርጉ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ አንቀሳቅሰው እንደገና እንዲፈልግ ያድርጉ። ሞገዱ ከእንጨቱና ከአየር ማስተላለፊያ ቱቦው እየነጠረ ስለሚደራረብ አንድ ሜትር ርቀት ብቻ ጣቢያ ያመጣል፣ ጣቢያ ይወስዳል። በበጋ ከሆነ በማለዳ ይውጡ፤ ቀትር ላይ እዚያ ቦታ እንደ ምድጃ ይግላል። እግርዎን የሚያሳርፉት በአግዳሚ እንጨቶቹ ላይ ብቻ ይሁን፤ በመካከላቸው ያለው ጂፕሰም ሰው አይሸከምም፤ የረገጠው ሰው እግሩን የሚያገኘው መኝታ ቤቱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነው።